ሥዕልን በእንጨት ቀርጾ ስለ ማተም
ለገጠር ትምህርት ቤት መምህራን የተደረገ ንግግር



ዛሬ የምናገርላችሁ ነገር አንድን ሥዕል አንድ ጊዜ በእንጨት ላይ ቀርጾ፥ ከዚያው እንጨት ሃያም ሆነ መቶ ቅጂ ስለ ማውጣት ነው። ይህ ሥራ በአውሮፓ ታላላቅ ሠዓልያን የተጠበቡበት፥ በቻይናና በጃፓንም ከዚያ ቀደም ብሎ የታወቀ ሙያ ነው። ነገር ግን እኔ እዚህ የቆምሁት ታላላቅ ሠዓልያንን ለማመስገን አይደለም። በብዙ የገጠር ትምህርት ቤት አንዱን መጽሐፍ ሦስትና አራት ልጆች እንደሚካፈሉት፥ ሥዕል ያለበት ገጽም ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር ቶሎ እንደሚቀደድ እናንተ ከእኔ ይልቅ ታውቃላችሁ። ስለዚህ መምህሩ በገዛ እጁ ሠርቶ ለእያንዳንዱ ልጅ አንዳንድ ሥዕል ሊሰጥ የሚችልበትን መንገድ ላሳያችሁ እወዳለሁ።

አስቀድመን የሥራው ምሥጢር ምን እንደ ሆነ እንመልከት። ከእናንተ መካከል ሰው አውራ ጣቱን ቀለም ነክሮ በወረቀት ላይ ሲያትም ያላየ ያለ አይመስለኝም። በጣታችን ላይ ከፍ ከፍ ያሉ ቀጫጭን መስመሮች፥ በመካከላቸውም ዝቅ ያሉ መንገዶች አሉ። ቀለሙን የሚይዘው ከፍ ያለው ነው፤ ዝቅ ያለው ግን ቀለም ስለማይነካው በወረቀቱ ላይ ነጭ ሆኖ ይቀራል። በእንጨት ማተምም ይኸው ነው። ጥቍር ሆኖ እንዲታይ የምንፈልገውን ሳንነካ እንተወዋለን፤ ነጭ ሆኖ እንዲታይ የምንፈልገውን ቈፍረን እናወጣዋለን። እንግዲህ ቀራጩ በመሮው የሚሥለው ጥቍሩን ሳይሆን ነጩን ነው ማለት ነው። ይህን አሳብ ሕፃን ልጅ ቶሎ ይቀበለዋል፤ ብዙ ዘመን እርሳስ ይዞ የኖረ ትልቅ ሰው ግን ይደናገርበታል። እኔም ከተደናገሩት አንዱ ነበርሁ።

የአገራችን ሰው የዚህን ሥራ ጠባይ ፈጽሞ አያውቀውም አይባልም። ማኅተም ቀራጭ ፊደሉን ገልብጦ ካልቀረጸ በደብዳቤው ላይ ሊነበብ እንደማይችል ያውቃል። የብራና መጽሐፍ የሚደጕሰውም ባለሙያ ብረቱን በእሳት እያጋለ በቆዳው ላይ ሲጫነው መስቀሉና ጌጡ ተቀርጾ ይቀራል፤ ይህም ቀለም የሌለው ኅትመት ነው ብንል ከእውነት አንርቅም። በ1513 ዓ.ም. እንደ አውሮፓ አቈጣጠር (ከዚህም በኋላ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር ናቸው) ዮሐንስ ፖትከን የሚባል ጀርመናዊ በሮማ ከተማ መዝሙረ ዳዊትን በግዕዝ ሲያሳትም፥ ለማተሚያ የተዘጋጁት ፊደሎች ሁሉ እንደ ማኅተሙ የተገለበጡ ነበሩ። በግዕዝ ፊደል ከታተሙት መጻሕፍት የመጀመሪያው ያ ነው።

ስለ መገልበጥ ካነሣሁ፥ በዚህ ነገር የደረሰብኝን ልንገራችሁ። በወጣትነቴ በአንድ የገጠር ትምህርት ቤት ሳስተምር ለፊደል ጀማሪዎች ሥዕል ላትምላቸው አሰብሁ። ለ«ባ» የባቄላ ተክል ከነአበባውና ከነፍሬው በዋንዛ ሰሌዳ ላይ ቀረጽሁ፤ ከበላዩም ፊደሉን በትልቁ ጻፍሁ። ሌሊቱን በኩራዝ ብርሃን ስሠራ አድሬ አርባ ወረቀት አተምሁ፤ ወረቀቱም ለወሩ የተሰጠኝ ሁሉ ነበር። በማግሥቱ ደስ ብሎኝ ለልጆቹ አደልሁ። ጥቂት ቈይቶ ከኋላ የተቀመጠ አንድ ልጅ ተነሥቶ፥ «የኔታ፥ ይህ እኮ ቦ ነው» አለኝ።

እውነቱን ነበር። በእንጨቱ ላይ ፊደሉን እንደሚነበብ አድርጌ አቅንቼ ስለ ቀረጽሁት በወረቀቱ ላይ ተገልብጦ ወጣ። እናንተም እንደምታውቁት የ«ባ» ረጅሙ እግር የቀኙ ነው፤ የ«ቦ» ረጅሙ እግር ደግሞ የግራው ነው። ስለዚህ «ባ» ሲገለበጥ «ቦ» ይሆናል፤ «ሳ»ም እንዲሁ «ሶ» ይሆናል። የቀረጽሁት «ረ» ወይም «ፈ» ቢሆን ኖሮ መልኩ ሁሉ ስለሚበላሽ ወዲያው ባየሁት ነበር። «በ»፥ «ሐ»፥ «ሠ» ወይም «ዐ» ቢሆን ደግሞ ቢገለበጡም መልካቸው እምብዛም ስለማይለወጥ ጕዳት ባልነበረው። የእኔ ግን ስሕተቱ ትክክለኛ ፊደል መስሎ የወጣ ነበር፤ ባቄላውም ቢገለበጥ ያው ባቄላ ነው።

ወረቀቱን መልሼ ብሰበስብም አንዱ ልጅ ቀድሞ ወደ ቤቱ ይዞት ሄዷል። በዚያ ሳምንት ከብት ጥበቃ ላይ ስለ ነበር ወደ ትምህርት ቤት የተመለሰው ቈይቶ ነው። በተመለሰ ጊዜም ሰሌዳው ላይ አውጥቼ ብጠይቀው፥ በጥሩ ጽሕፈት «ቦቄላ» ብሎ ጻፈ። «ማን አስተማረህ» ብለው፥ «የኔታ የሰጡኝ ወረቀት» አለ። ወረቀቱን በቤታቸው ግድግዳ ላይ በሊጥ ለጥፎት ነበርና ከልቡናው ለማስለቀቅ ብዙ ቀን ፈጀብኝ። በሰሌዳ ላይ የተሳሳትሁትን በጨርቅ እጠርገዋለሁ፤ አትሜ ያደልሁትን ግን ተከትዬ ቤት ለቤት መዞር ነበረብኝ።

በዚህስ ከእኔ የበለጠ ሰው ተሳስቷል። በኑረምበርግ ከተማ የነበረው አልብሬኽት ዱረር (1471–1528) የዮሐንስን ራእይ በ15 የእንጨት ኅትመቶች ሥሎ በ1498 ያሳተመ፥ በዚህ ሙያ ወደር ያልነበረው ሰው ነው። በ1515 ከሕንድ አንድ አውራሪስ በመርከብ ወደ ሊዝቦን መጣ። ዱረር አውሬውን በዓይኑ አላየውም፤ ነገር ግን ከሊዝቦን የተላከ ጽሑፍና ንድፍ አግኝቶ በዚያ መሠረት ሥዕሉን አዘጋጀ፥ በእንጨትም ተቀርጾ ታተመ። ቆዳውን እንደ ጦረኛ ጥሩር በብረት የተገጣጠመ አስመሰለው፤ በትከሻውም ላይ ሌላ ትንሽ ቀንድ ጨመረለት። ሥዕሉ እጅግ ያማረ ስለ ነበረ እየታተመ በአውሮፓ ሁሉ ተበተነ፤ ከሁለት መቶ ዓመት በላይም ብዙ ሰው አውራሪስ እንዲህ ያለ አውሬ ነው ብሎ አመነ። በትከሻው ላይ ግን ቀንድ የለውም።

በእንግሊዝ አገር በኒውካስል ይኖር የነበረው ቶማስ ቢዊክ (1753–1828) ደግሞ በ1797 ስለ አገሩ ወፎች ያወጣው መጽሐፍ በሚያውቃቸው ወፎች የተሞላ ነው። እናንተም ለልጆቻችሁ ከቀረጻችሁ የምታውቁትን ቅረጹ፤ አንበሳ ከምትቀርጹ የግቢያችሁን ዶሮ፥ የመንደሩን ዋርካ፥ ሞፈርና ቀንበር ብትቀርጹ ይሻላል እላለሁ።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ።

ለትንንሾቹ ልጆች የመጀመሪያው ማተሚያ ድንች ነው። ድንቹን በስለታም ቢላዋ ለሁለት ከፍላችሁ የተቈረጠውን ፊት በጨርቅ አድርቁት፤ ከዚያም ቀላል ምልክት፥ መስቀል ወይም ኮከብ፥ ቅረጹበት። የሚያገለግለው ለአንድ ቀን ያህል ነው፤ ከዚያ በኋላ ይጨማደዳል። እህል በሚጠፋበት ወራት ግን በሚበላ ነገር መጫወት በመንደሩ ዘንድ ነውር ስለ ሆነ፥ ለዘርም ለመብልም የማይሆነውን መምረጥ ይገባል።

ለትልልቆቹ እንጨት ይምጣ። ዋንዛ ለመቅረጽ እሺ ይላል፤ ዝግባም ሽንሽኑ ደቃቅ ስለ ሆነ ደኅና ነው። ወይራ ግን እጅግ ጠንካራ ስለ ሆነ ለጀማሪ አይመከርም። እንጨቱ የደረቀ፥ ዓይን የሌለበት ይሁን፤ ርጥብ እንጨት ከተቀረጸ በኋላ ይጣመማል። በመላጊያ ተልጎ በብርጭቆ ወረቀት ይለስልስ። ሰሌዳው እንደ ማናቸውም ሳንቃ በግንዱ ቁመት የተሰነጠቀ ከሆነ፥ ስለቱ በሽንሽኑ መንገድ ሲሄድ ይፈጥናል፤ ሽንሽኑን ሲያቋርጥ ግን ይሰነጥቀዋል። ቢዊክ ግንዱን ወደ ጐን ቈርጦ በአፉ ላይ ይቀርጽ ስለ ነበር እንደ ፀጕር የቀጠነ መስመር ሊያወጣ ቻለ፤ ለዚያ ግን እጅግ ድፍን የሆነ እንጨትና የተለየ መቅረጫ ያስፈልጋል፥ ስለዚህ እርሱን ለጊዜው እንተወው።

ከእንጨት የሚቀል ሌላም ነገር አለ። ሊኖሌም የሚባለው የወለል ንጣፍ በ1860ዎቹ ዓመታት በእንግሊዝ አገር በፍሬድሪክ ዋልተን እጅ የተጀመረ ሲሆን፥ የሚሠራውም ከተልባ ዘይትና ከቡሽ ዱቄት ነው። ሽንሽን ስለሌለው ስለቱ ወደ ፈለጉበት ይሄዳል፤ ጥቂት በፀሐይ ሲሞቅም ይለሰልሳል። በቪየና የነበረው የሥዕል መምህር ፍራንዝ ቺዜክ በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ልጆችን በዚህ እያስተማረ ስሙ ተጠርቷል። ከከተማ ቍራጭ የምታገኙ ከሆነ አትናቁት፤ ባታገኙ ግን ዋንዛው ይበቃችኋል።

ሥዕሉን ወደ እንጨቱ ለማሳለፍ ከእኔ ስሕተት የሚጠብቅ ቀላል ዘዴ አለ። በስስ ወረቀት ላይ በለስላሳ እርሳስ ወይም በከሰል ሣሉት፤ የተሣለውን ፊት በእንጨቱ ላይ ደፍታችሁ ጀርባውን በማንኪያ እሹት። የከሰሉ መስመር በእንጨቱ ላይ ተገልብጦ ይቀራል፤ በምታትሙበትም ጊዜ ዳግመኛ ተገልብጦ ይቀናል። ፊደል ካለበት ከመቅረጻችሁ በፊት መስታወት ፊት አቁሙት፤ በመስታወቱ ውስጥ ከተነበበ ልክ ነው።

ስለ መቅረጹ ጥቂት ላብዛ፤ ልጅ የሚጐዳውም ሥራውም የሚበላሸው እዚህ ላይ ነውና። የያዘች እጅ ምንጊዜም ከስለቱ በስተኋላ ትሁን። መሮው ወደ ፊት ሲገፋ ከፊቱ ጣት ካለ፥ ዛሬ ባይሆን ነገ መቈረጡ አይቀርም። ለዚህም አንድ ጠፍጣፋ ሳንቃ ወስዳችሁ በአንዱ ጫፍ ከታች፥ በሌላው ጫፍ ከላይ ቀጭን እንጨት ምቱበት፤ የታችኛው በጠረጴዛው ጠርዝ ይያዛል፥ የሚቀረጸው ሰሌዳ በላይኛው ይደገፋል፤ ስለዚህ ልጁ በእጁ አንቆ መያዝ አያስፈልገውም። ደግሞም የደነዘ መሮ ከተሳለው ይልቅ አደገኛ ነው፤ የደነዘውን ሰው በኀይል ስለሚገፋው ይንሸራተታልና። ሞረድ ከአጠገባችሁ አይለይ።

ቀራጩ አስቀድሞ በመስመሩ ዳር ቢላዋውን ጥቂት አዘንብሎ ይቍረጥ፤ ሁለተኛውን ቍርጥ ከወዲያ በኩል አምጥቶ ከፊተኛው ጋራ ያገናኘው፥ የተቈረጠችውም ስንጣሪ ራስዋ ትነሣለች። የመስመሩ ግድግዳ እንደ ኰረብታ ወደ ታች እየሰፋ መሄድ አለበት። ከሥሩ ከተቦረቦረ ግን በማተሚያው ጊዜ ይሰበራል። በሁለት መስመሮች መካከል ያለው ጠባብ ቦታ አንድ ወይም ሁለት ሚሊ ሜትር ቢጠልቅ ይበቃል፤ ሰፊው ነጭ ቦታ ግን ወረቀቱ እየረገበ እንዳይነካው ከዚያ ይበልጥ ይጥለቅ። የተቈረጠ አይመለስም። ስለዚህ ከመቅረጽ በፊት ሰሌዳውን በስስ ቀለም ማጥቈር መልካም ነው፤ የተቈረጠው ሁሉ ነጭ ሆኖ ስለሚታይ ልጁ የሚሠራውን እያየ ይሄዳል።

ወደ ቀለሙ እንምጣ። የማተሚያ ቀለም በተልባ ዘይት ውስጥ የተለወሰ ጥላሸት ነው። የዘይቱ መፈላት ግን እሳት የሚያስነሣ ሥራ ስለ ሆነ በትምህርት ቤት አይሞከር፤ ሌላም የማይታወቅ አደጋ አለበት። በተልባ ዘይት የራሰ ጨርቅ ተጨምቆ በአንድ ላይ ከተከመረ፥ ማንም እሳት ሳያቀርብለት ከራሱ ግሎ ሊነድድ ይችላል። እንዲህ ያለ ጨርቅ ከተሠራበት በኋላ ለየብቻ በውጭ ይዘርጋ ወይም በውኃ ይነከር። ለልጆች የሚሻለው ከድስት የተፋቀ ጥላሸት ተነፍቶ በቀጭን የስንዴ ዱቄት ሙቅ ሲለወስ ነው። ጃፓኖችም ቢሆኑ የውኃ ቀለምን ከሩዝ ሙቅ ጋራ እየቀላቀሉ ያን ሁሉ ያማረ ሥራ ሠርተውበታል። ይህ ቀለም በእጅ ቢነካ በውኃ ይለቃል፤ ቶሎ ስለሚደርቅ ግን ማተሙ ፈጠን ማለት አለበት።

የዘይት ቀለም ያገኘ መምህር በመስታወት ወይም በለሰለሰ ድንጋይ ላይ ጥቂቱን አኑሮ በሮለር ይዘርጋው። ሮለር ከሌለ ጨርቅ በለስላሳ ቆዳ ጠቅልሎ እንደ ኳስ በማሰር መቀባት ይቻላል፤ የአውሮፓ አታሚዎችም ሮለር ሳይመጣ ለብዙ ዘመን በዚሁ ነበር የሠሩት። ጀማሪ ሁሉ የሚሳሳተው ቀለም በማብዛት ነው። ቀለሙ በልኩ ሲሆን ሮለሩ በሣር ክዳን ላይ እንደሚወርድ ካፊያ ያለ ስስ ድምፅ ይሰጣል፤ ሲበዛ ደግሞ እንደ ጭቃ ይጠባል፥ ወደ ተቈፈረውም ገብቶ ነጩን ሁሉ ያጠፋዋል።

ቀለም ከተቀባ በኋላ ወረቀቱን ከአንድ ጠርዝ ጀምራችሁ በቀስታ አልብሱት፤ አንዴ ከነካ አይንቀሳቀስ። ስስ ወረቀት ይሻላል። ወፍራም ከሆነ ከዋዜማው በረጠበ ጨርቅ መካከል ይደር። ከዚያም የማንኪያን ጀርባ ይዛችሁ ከመካከል ወደ ዳር እየዞራችሁ እሹ። ለዚህ ሥራ መኪና አያስፈልግም፤ ጃፓኖችም ባረን የሚባል በቀርከሃ ቅርፊት የተጠቀለለ ክብ መዳመጫ እንጂ መኪና አልነበራቸውም። አንዱን ማዕዘን ጥቂት ገለጥ አድርጋችሁ ተመልከቱ፤ ያልወጣ ቦታ ካለ መልሳችሁ ጨምሩበት። ወረቀቱ ተነሥቶ ሥዕሉ ሲታይ ልጆቹ የሚያሰሙትን ድምፅ እኔ ከምነግራችሁ ራሳችሁ ብትሰሙት ይሻላል።

ከአንድ በላይ ቀለም የሚፈልግ ሰው ለእያንዳንዱ ቀለም ሌላ ሰሌዳ ይቀርጻል። ችግሩ ሁለቱን ማስማማቱ ነው። ጃፓኖች በሰሌዳው ጥግና በጐኑ ሁለት ትንንሽ ምልክት እየቀረጹ ወረቀቱን ሁልጊዜ በዚያ ያስደግፉት ነበርና ቀለሙ ከመስመሩ ዝንፍ አይልም። ሆኩሳይ በ1831 ገደማ ያወጣው በካናጋዋ ባሕር ላይ የተነሣው ታላቅ ማዕበል ሥዕል በዚህ መንገድ የታተመ ነው። ሆኩሳይ ራሱ ግን ሰሌዳውን አልቀረጸውም፥ ቀለሙንም አልቀባውም። እርሱ በስስ ወረቀት ሣለ፤ ሌላው በቼሪ እንጨት ቀረጸ፤ ሦስተኛው አተመ፤ አሳታሚው ደግሞ ገንዘቡን አውጥቶ ሸጠ። ልጆችን በቡድን ስታሠሩ ይህን አስቡ፤ መሣል የማይሆንለት ልጅ በማተሙ ከሁሉ ሊበልጥ ይችላል።

ሌሎችም የማተም መንገዶች እንዳሉ ስማቸውን ብቻ ላንሣ። አንዱ በመዳብ ሰሌዳ ላይ መስመሩን ቈፍሮ ቀለሙን በጕድጓዱ ውስጥ የሚያስቀር ነው፤ ይህ የእኛው ተቃራኒ ሲሆን የሚጫን ከባድ መኪና ይፈልጋል። ሌላው በባቫርያ አሎይስ ዜነፌልደር በ1796 የጀመረው የድንጋይ ኅትመት ነው፤ ዘይትና ውኃ ስለማይስማሙ ሳይቀረጽ ይታተማል። ሁለቱም ለገጠር ትምህርት ቤት የሚሆኑ አይደሉም።

በአገራችን ይህን ሙያ በትምህርት መልክ ካስተማሩት አንዱ ከ1963 እስከ 1966 በአዲስ አበባ የነበረው ጀርመናዊው የእንጨት ቀራጭ ሐንሰን ባሂያ ነው። የእንጨት ኅትመትን ከእርሱ ከተማሩት መካከል ሠዓሊው ዘሪሁን የትምጌታ ይገኛል፤ ሥራውን የሚያይ ሰው የጥንቱን የቤተ ክርስቲያን ሥዕልና የጠልሰሙን መንፈስ በአዲስ መልክ ያገኘዋል። እነርሱ የደረሱበትን እንድረስ ማለቴ አይደለም፤ ነገር ግን በእንጨት ላይ መቅረጽ ለአገራችን እጅ እንግዳ ያልሆነ ሥራ መሆኑን ታዩ ዘንድ ነው።

የቀረኝ ጥቂት ነው። ልጆቹ ያተሙትን ሲጨርሱ በእያንዳንዱ ወረቀት ግርጌ በእርሳስ ይቍጠሩበት። የታተመው ሃያ ከሆነ በሦስተኛው ላይ 3/20 ብለው ጽፈው ስማቸውን ይፈርሙ፤ ይህ በዓለም ያሉ አታሚ ሠዓልያን ልማድ ነው። የመጀመሪያውን ሙከራ ግን ቍጥር አትስጡት፥ ለማንም አታድሉት። አንድ ልጅ ጠርታችሁ አስነብቡት፤ የሚቻል ከሆነ ከኋላ ከሚቀመጡት አንዱን። ሰሌዳውን በጨርቅ ጥረጉት፤ በሙቅ የተለወሰውን ቀለም በርጥብ ጨርቅ አጽዱት እንጂ እንጨቱን ውኃ ውስጥ አታግቡት፥ ይጣመማልና። ከዚያም ጠፍጣፋ አድርጋችሁ ከፀሐይ ርቆ አኑሩት፤ ለሚመጣው ዓመት ልጆችም ያገለግላል።

የባቄላውን ሰሌዳ አልጣልሁትም፤ እነሆ በዚህ ጠረጴዛ ላይ አለ። «ባ» የነበረችውን ቈርጬ አውጥቼ በቦታዋ ሌላ እንጨት ገጥሜ ተገልብጣ የተቀረጸች «ባ» አግብቼበታለሁ፤ ስፌቱ አሁንም ይታያል። ቀለሙና ወረቀቱ ተዘጋጅቷልና ወደ ጠረጴዛው ቅረቡ፤ የመጀመሪያውን ከመካከላችሁ አንዱ ያትምልን።